የመዝገብ ቤታችን ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በአገራችን ኢንተርኔት በተዘጋ ቁጥር የምናነሣው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። ማን ዘጋው? በየትኛው ሕግ ዘጋው? አገሪቱስ በቀን ስንት ከሰረች? ጥያቄዎቹ ተገቢዎች ናቸው፤ ወደፊትም መጠየቅ አለባቸው። ከእነዚህ ጎን ለጎን ግን ራሳችንን ልንጠይቀው ሲገባን በቸልታ ያለፍነው ሌላ ጥያቄ አለ። መሥመሩ ሲቆረጥ ዋሽንግተን ካለው ወንድማችን ጋር መነጋገር ቢያቅተን ምክንያቱ ግልጽ ነው። የገዛ ልጆቻችንን ፎቶግራፍ፣ የገዛ እጃችን የጻፈውን ጽሑፍ፣ የዕድራችንን ቃለ ጉባኤ ማየት የሚያቅተን ግን ስለ ምን ነው?

መልሱ አጭር ነው። እኛ ዘንድ ስላልተቀመጡ ነው። «ደመና» የሚለው ስም አሳስቶን ነገሩ ሰማይ ላይ የተንሳፈፈ፣ የማንም ያልሆነ ይመስለናል እንጂ በተጨባጭ አየርላንድ ወይም ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ኩባንያ አዳራሽ የተደረደረ የሰው ኮምፒውተር ነው። ባል እዚያው ሳሎን ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠች ሚስቱ የሚልከው ፎቶግራፍ እንኳ ባሕር ተሻግሮ የደርሶ መልስ ጉዞ ያደርጋል። በመካከል አንድ ባለ ሥልጣን «ዝጋ» ሲል፣ ወይም አንድ ኩባንያ «አገልግሎቱ አትራፊ አልሆነም» ሲል፣ ፎቶግራፉ በዚያው ይቀራል።

ሐሳቡን የሚናገር ሰው፣ የተናገረውን የሚያኖርበት ቦታ የራሱ ካልሆነ ነጻነቱ ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ጉድለት በከፊል የሚሞላ መሣሪያ ዛሬ በጥቂት ገንዘብ ይገኛል፤ መጠኑም ከመታወቂያ ካርድ እምብዛም አይበልጥም። ዛሬ ስለዚህ መሣሪያ ማውራት የፈለግሁት የቴክኖሎጂ ፍቅር አሸንፎኝ አይደለም። ጉዳዩ የባለቤትነት ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ሁለት ዓይነት መቆለፊያ

በመጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከግንቦት 2005 ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት ተዘግቶ እስከ መስከረም 2007 ድረስ ሳይከፈት ቆየ። በ2006 ብሎግስፖት ላይ የሚታተሙ ጦማሮች ከአገር ቤት እንዳይነበቡ ታገዱ። በጥቅምት 2016 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በ2017 እና በ2019 በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ተቋረጠ። በሰኔ 2020 መጨረሻ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ጠፋ። በትግራይ ጦርነቱ ከተጀመረበት ከኅዳር 2020 አንሥቶ የኢንተርኔት አገልግሎት ሁለት ዓመት ለሚያህል ጊዜ አልነበረም። ከየካቲት 2023 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለወራት ታገዱ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ልብ በሉ፤ በእነዚህ ዓመታት መካከል የመንግሥት መሪዎች ተቀያይረዋል፣ ገዢው ፓርቲ ስሙን ለውጧል። መቆለፊያው ግን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ከነቁልፉ ተላልፏል።

ሁለተኛው መቆለፊያ ያለው በኩባንያዎች እጅ ነው። ይህኛው ያለ አዋጅና ያለ ጥይት ስለሚሠራ ብዙዎቻችን አናስተውለውም። ያሁ ጂኦሲቲስ የተባለውን የነጻ ድረ ገጽ ሠፈር በጥቅምት 2009 ዘጋው። በ2000ዎቹ የኢትዮጵያውያንን ጨምሮ የስንቱ ማኅበር ክርክርና ማስታወቂያ የተከማቸበት ያሁ ግሩፕስ፣ ይዘቱ እንደሚጠፋ በ2019 ተነግሮ በታኅሣሥ 2020 ጨርሶ ተዘጋ። ጉግል ፕላስ በሚያዝያ 2019 ለተራው ተጠቃሚ በሩን ዘጋ። በዚያው ዓመት ማይስፔስ፣ ሰዎች ከዓመታት በፊት ያስቀመጡት ሙዚቃና ፎቶግራፍ ዕቃ ሲዘዋወር እንደ ጠፋ አስታወቀ፤ «ይቅርታ» ከማለት ያለፈ ነገርም አልመጣም። ለመሆኑ ተከራይ ምን ሊል ይችላል? ኪራይ እንኳ አልከፈለማ!

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ከማንም በላይ ልንረዳው በተገባ ነበር። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ተጭነው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው በ1872 ለእንግሊዝ ደብዳቤ መጻፍ ነበረባቸው። መጽሐፉ ተመለሰ። ይሁን እንጂ ነገሩን አስቡት፤ የአንድ አገር ንጉሥ የአገሩን መጽሐፍ ለማንበብ የባዕድ መንግሥትን ደጅ ጠና። የቀሩት መጻሕፍት በጥሩ ሁኔታ ተጠብቀዋል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ተጠብቀዋልም። ጥያቄው ግን የጥበቃው ጥራት አይደለም። ለማየት የማንን ፈቃድ እንጠይቃለን የሚለው ነው። የመቅደላው በጉልበት ተወሰደ፤ የዛሬውን የምናስረክበው ግን በፈቃዳችን፣ «እስማማለሁ» የምትለዋን ቁልፍ ሳናነብ ተጭነን ነው።

ትንሿ ማሽን

ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ኮምፒውተር እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ተጸንሶ የካቲት 29 ቀን 2012 ለገበያ ቀረበ። የያኔው ዋጋ 35 ዶላር ነበር። ኢበን አፕተንና ባልደረቦቹ የሠሩት ለትልልቅ ድርጅቶች አልነበረም። የኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱ ወጣቶች ቁጥራቸውም ዕውቀታቸውም እያሽቆለቆለ መምጣቱ አሳስቧቸው፣ ልጆች እየነካኩ እንዲማሩበት ብለው ነው። ሙሉው ኮምፒውተር በአንዲት ሰሌዳ ላይ ተሰፍቷል። በ2019 የወጣው አራተኛው ትውልድና በ2023 የወጣው አምስተኛው ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለአንድ አነስተኛ ማኅበር ሰርቨርነት ከበቂ በላይ ናቸው።

ሰርቨር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በማቀዝቀዣ የሚጮኽ ክፍል ነው። ቃሉ የሚያመለክተው ግን ሥራውን እንጂ ግዝፈቱን አይደለም። ሌሎች መሣሪያዎች ሲጠይቁት የሚመልስ፣ ሌት ተቀን የማይተኛ ኮምፒውተር ሁሉ ሰርቨር ነው። ይህ ትንሽ ማሽን 5 ዋት ይስባል ብንል በዓመት የሚፈጀው 44 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህንኑ ያህል በ12 ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል። እንግዲህ የዓመት የመብራት ወጪው ከጥቂት ቀናት የእንጀራ ጋገራ አይበልጥም ማለት ነው።

አሠራሩስ? በአጭሩ ልግለጸው። ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ የሚባለውን፣ በሊኑክስ ቤተሰብ ከዴቢያን የተወለደ ነጻ ሥርዓት በሌላ ኮምፒውተር አውርዶ ሚሞሪ ካርድ ላይ መጻፍ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ላይት የተባለው ቅጂ ስክሪን ስለማያስፈልገው ይመረጣል። ካርዱ ተሰክቶ ማሽኑ ከራውተሩ ጋር በኬብል ይገናኛል፤ ራውተሩም ሁልጊዜ አንድ አድራሻ እንዲሰጠው ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ኤስኤስኤች በተባለው መንገድ ከሌላ ክፍል ሆኖ ማዘዝ ይቻላል። ፋይሎቹ የሚቀመጡት በዩኤስቢ በሚገናኝ ዲስክ ላይ እንጂ በሚሞሪ ካርዱ ላይ መሆን የለበትም። ሚሞሪ ካርድ በየጊዜው ሲጻፍበት ያልቃል፤ መብራት ድንገት ሲሄድም ይበላሻል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ይህ ተራ ምክር አይደለም፤ ለማሽኑና ለራውተሩ አንድ አነስተኛ ዩፒኤስ መግዛት ከማሽኑ እኩል አስፈላጊ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሚጫነው ፕሮግራም እንደ ፍላጎት ነው። ሳምባ የቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት አቃፊ ይፈጥራል። ኔክስትክላውድ ፎቶግራፍን፣ የቀን መቁጠሪያንና የስልክ ዝርዝርን ከኩባንያ ቋት ወደ ቤት ያመጣል። ሲንክቲንግ ሁለት ኮምፒውተሮች፣ በተለያየ አገር ቢሆኑም፣ አንድ አቃፊ እኩል እንዲይዙ ያደርጋል። ኪዊክስ ደግሞ ውክፔዲያን ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ነው። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፎች ያሉት የአማርኛው በጣም ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። እነዚህ ሁሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ፣ አሠራራቸው ለማንም ክፍት የሆነ ነጻ ሶፍትዌሮች ናቸው።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ኢንተርኔት ተዘጋ ማለት ከግቢያችን ወደ ዓለም የሚወጣው መሥመር ተቆረጠ ማለት ነው። በግቢያችን ውስጥ ያለው ኬብልና የራውተራችን ዋይፋይ ግን አይቆረጥም። ትእዛዙ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት፣ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ አይደርስም። የአንድ ትምህርት ቤት ሰርቨር በግቢው ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ሲዘጋ ተማሪዎቹ መጻሕፍታቸውን፣ የቆዩ ፈተናዎችንና የመምህራኖቻቸውን ማስታወሻ ከማንበብ የሚያግዳቸው ነገር ባልኖረ ነበር። መዘጋቱ ጥፋት መሆኑ አይቀርም። ጥፋቱን የምናባብሰው ግን አጠገባችን ሊቀመጥ የሚችለውን ሁሉ ሩቅ ያስቀመጥን እኛው ነን።

ሦስት ተቃውሞዎች

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሐሳብ ሲሰሙ ሦስት ነገር ያነሣሉ። ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው «የሀብታም መጫወቻ ነው» የሚለው ነው። ማሽኑ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መሆኑ እውነት ነው፤ ከዲስኩና ከዩፒኤሱ ጋር ሲደመር ወጪው ለአንድ መምህር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ይህ የግድ የአንድ ሰው ንብረት መሆን የለበትም። በዕቁብ ቤት የሠራን፣ በዕድር ድንኳንና ወንበር በጋራ የገዛን ሕዝብ ነን። አንድ ዕድር፣ አንድ የአብሮ አደጎች ማኅበር፣ አንድ ትምህርት ቤት ተሰባስቦ አንድ ማሽን ቢያቆም ለአንድ አባል የሚደርሰው ድርሻ ከወር የሞባይል ካርድ ላይበልጥ ይችላል። አዲስ መግዛት ካልተቻለም መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ አሮጌ ላፕቶፕ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ባትሪው እስካልሞተ ድረስም ዩፒኤሱን ይዞ የመጣ ነው።

ሁለተኛው «ከኩባንያዎቹ የተሻለ መጠበቅ አንችልም» የሚል ነው። ይህኛው ከበድ ይላል። በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ የካሜራዎችንና የራውተሮችን ሠራዊት የማረከው በረቀቀ ጥበብ አልነበረም፤ ከፋብሪካ የመጡበትን የይለፍ ቃል ባለቤቶቹ ስላልቀየሩ ነው። ራስፕቤሪ ፓይም ራሱ ለዓመታት ለሁሉም በሚታወቅ አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ይመጣ ነበር፤ ያ ልማድ የቀረው በሚያዝያ 2022 ነው። ስለዚህ መጠንቀቅ ግዴታ ነው። በይለፍ ቃል ፈንታ የኤስኤስኤች ቁልፍ መጠቀም፣ ማሻሻያዎችን በየጊዜው መጫን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማሽኑን ለዓለም ኢንተርኔት በቀጥታ አለመክፈት ያስፈልጋል። ከውጭ ሆኖ ወደ ቤት መግባት የግድ ከሆነ ዋየርጋርድን የመሰለ የተቆለፈ መተላለፊያ አለ። ብዙ አቅራቢዎች፣ በተለይ በሞባይል ኢንተርኔት፣ አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ስለሚያካፍሉ ከውጭ ወደ ቤት መጥራት ላይቻል ይችላል፤ ለጀማሪ ግን ይህ እንቅፋት ብቻ ሳይሆን አጥርም ነው። የኢሜይል ሰርቨር በቤት ለማቋቋም ለሚቸኩል ሰውም «ቆይ» እለዋለሁ፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከመኖሪያ ቤት የሚመጣን ደብዳቤ በአብዛኛው እንደ ቆሻሻ ይቆጥሩታል። በልክ መጀመር ይሻላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ በሹክሹክታ የሚነገር ነው። «ቤትህ ቢፈተሽስ?» ይሉኛል። የሚያሳዝነው ጥያቄው መሠረት ያለው መሆኑ ነው። በሚያዝያ 2014 ስድስት የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ በኋላ በተመሠረተባቸው የሽብር ክስ ውስጥ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» በተባለው የመረጃ ጥበቃ መማሪያ መሠልጠናቸው እንደ ጥፋት ተጠቅሶ ነበር። ከመካከላቸው አምስቱ በሐምሌ 2015 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ በጥቅምት 2015 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ያ ክስ ግን አንድ ትምህርት ትቶ አልፏል። የራሱን በር መቆለፍ የተማረ ዜጋ ተጠርጣሪ የሚሆንበት ዘመን ነበር።

እንግዲህ በግልጽ እንነጋገር። የቤት ሰርቨር ከመንግሥት መደበቂያ ዋሻ አይደለም። ዲስኩን ሉክስ በተባለው የሊኑክስ ዘዴ መቆለፍ ይቻላል፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የይለፍ ቃሉን በእጅ ማስገባት ይጠይቃል እንጂ ሌባ ቢወስደው ከንቱ ብረት ያደርገዋል። ነገር ግን ባለቤቱን ከእስር አያድነውም። ስልካችን ውስጥ ከገባ ሰላይ ፕሮግራምም አይጠብቀንም፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ በ2014 ባወጣው ዘገባ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ኮምፒውተር ላይ ሀኪንግ ቲም የተባለው ኩባንያ የሸጠው የስለላ መሣሪያ እንደ ተሞከረ አሳይቷል። ከዚህ የሚያድነን ሕግና ሕግን የሚያስከብር ፍርድ ቤት ነው። በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቶልናል፤ አዋጁ በሥራ ይፈተናል። ማሽኑ ሕግን አይተካም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። ቤት ያለውን መዝገብ ሊወስድ የፈለገ ሰው በር ማንኳኳት አለበት፤ በር ማንኳኳት ደግሞ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ምስክርና ጎረቤት ያለበት ነገር ነው። ሩቅ አገር ያለው መዝገባችን ሲከፈት ወይም ሲሰረዝ ግን ወሬውን እንኳ አንሰማም።

አንድ ማሽን፣ ሁለት ቤት

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀረኛል። ከኩባንያ ቋት አውጥቶ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ማስቀመጥ ከአንድ አደጋ ወደ ሌላ አደጋ መዛወር ነው። ዲስክ ይሞታል፤ ቤት ይቃጠላል፤ ዕቃ ይሰረቃል። የሙያው ሰዎች ደንብ 3-2-1 ይባላል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ በሌላ ቦታ።

ይህ ደንብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍትን በፊልም ቀርጾ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል አኑሯል። ባለፈው የጦርነት፣ የአብዮትና የዝርፊያ ዘመን የዚህ አስተዋይነት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከመቅደላው የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። እዚያ መጽሐፉ ሄደ፤ እዚህ ቅጂው ሄዶ መጽሐፉ በባለቤቱ እጅ ቀረ።

ዛሬ ይህንኑ ሥራ አንድ ቤተሰብ በራሱ አቅም ሊሠራው ይችላል። አንዷን ማሽን አዲስ አበባ እናት አባት ቤት፣ ሌላዋን ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ፍራንክፈርት ልጆች ቤት አድርጎ ሲንክቲንግን መጫን ነው። ኢንተርኔት ባለ ጊዜ ሁለቱ ማሽኖች ሌሊት ሌሊት ይነጋገራሉ፤ መሥመሩ ሲቆረጥ እያንዳንዷ የያዘችውን ይዛ ትጠብቃለች፤ ሲከፈት ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የአባት የእጅ ጽሑፍ፣ የእናት ድምፅ፣ የሠርግና የተዝካር ፎቶግራፍ፣ የቤት ካርታና የትምህርት ማስረጃ ቅጂ ለማንም ኩባንያ ሳይታደል በሁለት አህጉር ይኖራል። የተቃዋሚ ፓርቲዎች፣ የሙያ ማኅበራትና ጋዜጦችም ቢሆኑ የተናገሩትንና የጻፉትን ሁሉ በፌስቡክ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሲሄዱ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ታሪክ ጸሐፊው የት ሄዶ እንዲያነበው እንደሚጠብቁ ሊነግሩን ይገባል።

ሁላችንም በአንድ ቀን ከኩባንያዎቹ እንውጣ የሚል ቅዠት የለኝም። ቴሌግራሙም ዩቲዩቡም የአደባባይ መድረክ ሆነው ይቀጥሉ። አደባባይ ግን የመዝገብ ቤት አይደለም፤ ሰው አደባባይ ውሎ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል። እኛ የገባንበት ቤት የለንም፤ ወረቀታችንን ሁሉ አደባባይ ትተን እያደርን ነው። ስለዚህ ከትንሹ እንጀምር። በዚህ ሳምንት አንዲት አቃፊ፣ ብትጠፋ የምንቆጭባትን አንዲቷን፣ ከስልካችንና ከሩቅ አገር ቋት ቀድተን ቤታችን ባለ ዲስክ ላይ እናኑር። ማሽኑ ቀስ ብሎ ይመጣል። የኢንተርኔቱን ቁልፍ የያዙትን ሰዎች መሞገታችንን ሳናቋርጥ፣ የገዛ ሣጥናችንን ቁልፍ ከወዲሁ በኪሳችን እንያዝ።

ቸር ያሰንብተን።